የመጋዙ ክዳን የት ሄደ?

በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ካፌ ወረፋና ስለ ፍቅር ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ መጋዝ ክዳን ነው። «የጋዜጠኝነት ተማሪንና መጋዝን ምን አገናኛቸው?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ለነገሩ እኔም ከዓመት በፊት ቢሆን እንደዚያው እል ነበር። ትንሽ ብትታገሡኝ ግንኙነቱን አሳያችኋለሁ፤ ደስ የሚል ግንኙነት ግን አይደለም።

የተወለድኩት ገነተ ማርያም ነው፤ ላስታ፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር። አገሬን የሚያውቃት ሰው ካለ የሚያውቃት በቤተ ክርስቲያኗ ነው። ከአንድ ድንጋይ ተፈልፍላ፣ ዙሪያዋን በዓምድ ተከባ የቆመች፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን እንደተሠራች የሚነገርላት ናት። ላሊበላ የመጣ ቱሪስት ጊዜ ከተረፈው ወደ እኛ ብቅ ይላል። ይህን ያነሣሁት በአገሬ ለመኩራራት ብቻ አይደለም (ትንሽ ግን አለበት!)። የእኛ ሰው «አባቶቻችን በመሮ ብቻ ድንጋይ ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ሠሩ» እየተባለ ስለሚያድግ በእጁ አንድ ነገር ሲሠራ አይፈራም ለማለት ነው። አለመፍራቱ ጥሩ ነው። ችግሩም እዚያው ውስጥ ነው።

የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ ብዬ የምጠራቸው፣ በዚህ ዓይነት ካልፈሩት አንዱ ናቸው። አናጢ ናቸው። በእኛ በኩል ጣውላ የሚወጣው በቆየው መንገድ ነበር፤ ግንዱ ከፍ ተደርጎ በቆጥ ላይ ይጋደማል፣ አንዱ ሰው ከላይ ሌላው ከታች ሆነው ረጅሙን የእጅ መጋዝ ይጎትታሉ። ከታች ያለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሰጋቱራ ዓይኑ ውስጥ ይገባል። ጋሼ በልጅነታቸው ከታች የነበሩት እሳቸው ናቸው። «ያን ጊዜ ነው ማሽን እሠራለሁ ብዬ የማልኩት» ይላሉ። ባሕር ዛፉ እንደሆነ ሞልቷል። በምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ ተብሎ ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ዛሬ የላስታን ጋራ ሳይቀር አልብሶታል። አጠናውን ለቤት ማገር እንደሆነ ይሸጡታል፤ ወፍራሙን ግን ጣውላና ሞራሌ አድርጎ የሚያወጣ ሲገኝ ገቢው ሌላ ነው።

እናም ሠሩት። ከወፍጮ ቤት የተነሣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር፣ የመኪና ቸርኬ ሁለት፣ አንጎላሬ፣ ኩሽኔታ፣ ፑሌጃና ቺንጋ፣ መጋዙን የሚወጥር ክሪክ... ምን አለፋችሁ፣ ከየቦታው የተለቃቀመ ብረት ተበይዶ ባንድሶ ሆነ። ባንድሶ ለማታውቁ፣ መጋዙ እንደ ቀበቶ ጫፍና ጫፉ የተገጠመ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ነው። በሁለት ጎማዎች ላይ ተወጥሮ ይዞራል። የጋሼ ሁለቱ ጎማዎች ግራና ቀኝ ተጋድመው የተቀመጡ ናቸው፤ ማሽኑ በሐዲድ ላይ ሲገፋ መጋዙ ግንዱን እንደ ዳቦ በአግድም እየከፈለ ይሄዳል። ሁለት ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጎትተውን በደቂቃዎች ያወጣዋል።

የ2017 ዓ.ም. የየካቲት ዕረፍት ላይ ለሬዲዮ ኮርሳችን ፊቸር ሥሩ ተባልን። እኔ ርእስ ፍለጋ አልተቸገርኩም። መቅረጫዬን ይዤ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሬ። ጋሼ ለጎማዎቹ ክዳን ሠርተው ነበር፤ ከቤት ክዳን የተረፈ ቆርቆሮ አጥፈው፣ በሽቦ አስረው። ማሽኑ ሲነሣ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ካዳመጥኩት ቀረጻ ላይ ከጋሼ ድምፅ ይልቅ የሚሰማው የቆርቆሮው ኳኳታ ነበር። ደግሞም ለፎቶ አይመችም፣ የሚዞረውን ጎማ ይሸፍነዋል። «ጋሼ፣ ይቺን ነገር ለትንሽ ጊዜ ቢያነሡልኝስ?» አልኳቸው። ሳቁና ሽቦውን ፈቱ። ቀረጻው አማረ። ፊቸሩ ጥሩ ውጤት አመጣልኝ፤ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ «ድምፁ ሕያው ነው» ተብሎም ተመሰገነ።

ጋሼ ቆርቆሮውን መልሰው አላሰሩትም። መፍታትና ማሰር ጊዜ ይወስዳል፣ ሰጋቱራ ይሰበስባል፣ ይጮኻል፤ ሳይኖርም ማሽኑ ይሠራል። ሚያዝያ ላይ መጋዙ ተበጠሰ። ክዳኑ በነበረበት በኩል ወጥቶ የግራ ክንዳቸውን መታቸው። ጅማት ነክቷል። ቁስሉ ድኗል፣ ሁለት ጣታቸው ግን ዛሬም ሙሉ በሙሉ አይጨበጥም። ለአናጢ ሁለት ጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ መዘርዘር አልፈልግም።

ደውዬ «በእኔ ምክንያት ነው» ስላቸው «ኧረ ተይኝ አንቺ ልጅ! ያላሰርኩት እኔ፤ አንቺ መቼ አትመልሱት አልሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላልኩም። መልሷቸውም አላልኩም።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚለኝን ሰበሰብኩ። አንዱ ጓደኛዬ «ድህነት ነው፣ ለመከለያ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» አለኝ። ሌላው «ሰው ተጠንቅቆ ከሠራ መከለያ አያስፈልገውም፣ የጥንት አናጢ መቼ መከለያ ነበረው?» አለ። ሁለቱንም አልቀበልም።

ከሁለተኛው ልጀምር። የጥንት አናጢ መጋዝ የሚሄደው በእጁ ፍጥነት ነው። ዲያሜትሩ ግማሽ ሜትር የሆነ ጎማ በደቂቃ 900 ጊዜ ቢዞር መጋዙ በሰከንድ ከ23 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በሰዓት ወደ 85 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ከላሊበላ ወደ ወልድያ የሚወርድ ሚኒባስ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ይህን ያህል ቢሮጥ ተሳፋሪው ሁሉ እግዚኦ ይላል። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ጥርስ ያለው ብረት ሲበጠስ «ተጠንቅቄ ነበር» የሚባል ነገር የለም፤ ዓይን ሳይጨፈን ያልቃል። በዚያ ላይ ባሕር ዛፍ ተንኮለኛ እንጨት ነው። ቆሞ ሲያድግ ውስጡ የታመቀ ውጥረት አለው፤ ሲሰነጠቅ ይፈታና ጣውላው ይጣመማል፣ አንዳንዴም መጋዙን እንደ ጉጠት ይይዘዋል። መጋዝ የተያዘበት ማሽን ደግሞ ወይ ይቆማል ወይ መጋዙን ይበጥሳል። ስለዚህ መበጠሱን የሠሪው ጥፋት ብቻ አድርገን አንየው፤ የሥራው ባሕርይ ነው። መከለያ የሚሠራው ለዚያች ቀን ነው።

ወደ ድህነቱ ልመለስ። ባለፈው ክረምት አገር ቤት ስሄድ ጋሼ በተሻለው እጃቸው ክዳኑን እንደገና ሊሠሩ ተነሥተው ነበር። እኔም ከጎናቸው ተቀመጥኩ (በዚህ ጊዜ መቅረጫ አልያዝኩም)። በምን ይሠራ የሚለው ክርክር ሦስት ቀን ፈጀ። ያጎታችን ልጅ፣ ጎረቤታችን በያጁና እኔ ሁላችንም አስተያየት ነበረን፤ የእኔ ከሁሉም ያነሰ ዋጋ እንደነበረው አልክድም።

ቆርቆሮ ወዲያው ወደቀ። ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ነገር የተበጠሰ መጋዝ አያቆምም። ጠርዙ ራሱ ይቆርጣል። ይንቀጠቀጣል፣ ይጮኻል፤ የሚጮህ ክዳን ደግሞ እንደ እኔ ያለ ሰው መጥቶ ያስነሣዋል።

ያጎታችን ልጅ የቢጫ ጀሪካን ፕላስቲክ ይሁን አለ። ቀላል ነው፣ በቢላ ይቆረጣል፣ በነፃ ይገኛል። ሰጋቱራን እንደሆነ ያግዳል። ግን ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይሰነጣጠቃል፤ መጋዙ ቢመታውም ይቀደዳል። እኔ ደግሞ ዕውቀት ላሳይ ብዬ «ግልጽ ፕላስቲክ ቢሆን ውስጡ ይታያል» አልኩ። ነገሩ መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። ፖሊካርቦኔት የሚባለው ሲመታ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፣ በውጭ አገር ማሽኖች ላይም መከለያ ሆኖ ይሠራል። መስታወት መሳዩ አክሪሊክ ግን ይሰባበርና ስብርባሪው ራሱ መሣሪያ ይሆናል። ሁለቱን በዓይን መለየት ከባድ ነው። ገበያ ወጥቼ የትኛውን ይዤ እንደምመለስ ስጠየቅ ዝም አልኩ። ፖሊካርቦኔቱም ቢገኝ በቤንዚን በተነከረ ጨርቅ ቢጠርጉት ይጎዳል፤ በእኛ ወርክሾፕ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚጠረገው በዚያ ነው።

የሽቦ ወንፊት ያለው ጎረቤታችን ነበር። አየር ያስገባል፣ ያሳያል። ለሞተሩ ቺንጋ ይሁን ተባለ፤ ራቅ ብሎ ከታሰረና ቀዳዳው ጣት የማያስገባ ከሆነ ይበቃል። ለመጋዙ ግን አይሆንም፤ የተነቀለ ጥርስ በቀዳዳው ይወጣል።

ላሜራ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነው፣ ሁሉም የተስማማበት ነበር። ክፋቱ ጎማው ክብ ነው፣ ላሜራውን በክብ ማጠፍ ደግሞ ማጠፊያ ይጠይቃል። እዚህ ላይ ጋሼ ተነሥተው ወደ ጓሮ ሄዱና አንድ አሮጌ በርሜል እያንከባለሉ መጡ። ሜትር አወጡ። የሁለት መቶ ሊትር በርሜል ስፋቱ ሃምሳ ሰባት ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። የጋሼ ጎማ ሃምሳ። የበርሜሉ አፍና ቂጥ ሲቆረጥ ሁለት ክዳን ይወጣል፤ ጎማው ውስጡ ገብቶ በየጎኑ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተርፈዋል። ፋብሪካው አጥፎ፣ ጠርዙን ቆልፎ የሰጠው ብረት! ከላሜራው ይሳሳል፣ ግን ክብነቱና የታጠፈው ጠርዙ ያጠነክረዋል። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ በፈተና ውጤትም አላየሁት።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህን አንብቦ ነገ በርሜል የሚቆርጥ ሰው ካለ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። ነዳጅ የነበረበት በርሜል ባዶ ቢመስልም ውስጡ ጋዝ አለ። ግራይንደር ወይም ብየዳ ሲነካው ይፈነዳል። «ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ነበር» ማለት አያድንም። ከተቻለ ነዳጅም ዘይትም ያልነካው በርሜል መፈለግ ነው። ጋሼ የእሳቸውን አጥበው፣ ውኃ ሞልተው፣ ከላይ በመሮና በመዶሻ ነው የከፈቱት። ቀኑን ሙሉ ፈጀባቸው። እኔ «በግራይንደር አምስት ደቂቃ ነበር» ስል «አምስት ደቂቃሽን አይቼዋለሁ» አሉኝ። አፌን ዘጋሁ።

በሁለቱ ጎማዎች መሐል ያለውን፣ መጋዙ በቀጥታ የሚሄድበትን ክፍል ግን በብረት አልሸፈኑትም። ብረት በሆነ ምክንያት ወደ ውስጥ ቢጎብጥና መጋዙ ቢነካው ጥርሱ ይረግፋል፣ ብልጭታም ያወጣል፤ ደረቅ ሰጋቱራ በተጠራቀመበት ቦታ ብልጭታ እሳት ነው። ስለዚህ እዚያ ላይ እንጨት አደረጉ፤ ሁለት ጣውላ በማዕዘን ተገጥሞ። መጋዙ ቢነካው እንጨቱን ይቆርጣል እንጂ ራሱ አይጎዳም። ኮምፔንሳቶ ይሻላል ያለ ነበር፤ በክረምታችን እርጥበት ግን ርካሹ ኮምፔንሳቶ አብጦ ይላቀቃል። ከግንዱ አጠገብ ያለው የጣውላ ክዳን ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ የሚንሸራተት ሆነ፤ ቀጭን ግንድ ሲመጣ ጠጋ፣ ወፍራም ሲመጣ ፈቀቅ። የሚቆርጠው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ሁሉ ይሸፈን ነው ነገሩ። ሰጋቱራ መውጫው ላይ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ተንጠለጠለ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከየትኛው ብረት ተሠራ የሚለው አይደለም፤ እንዴት ይከፈታል የሚለው ነው። የቀድሞው ክዳን የጠፋው ቆርቆሮ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ለመክፈት አራት ሽቦ መፍታት ስለሚያስፈልግም ነው። መጋዝ በየጊዜው ይቀየራል፣ ይሳላል። የማይመች ክዳን መጀመሪያ ለአንድ ቀን ይነሣል፣ ከዚያ ለሳምንት፣ ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ ዶሮ ያርፍበታል። አዲሱ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኖ በአንድ ፒን ይቆለፋል። ጋሼ ራሳቸው ያወጡት ደንብም አለ፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ጎማው ቆሞ ሳይታይ ፒኑ አይነካም። ከባድ ጎማ ሞተር ከጠፋም በኋላ ብዙ ይዞራልና።

ወጪው ስንት ሆነ? ማጠፊያ፣ ጥቂት ቡሎንና ዳዶ፣ የብየዳ ዘንግ። የተቀረው ከጓሮ ነው። ጋሼ «አንድ መጋዝ አይገዛም» ብለው ገመቱት። እንግዲህ ድህነት የሚለው ወዳጄ ይህን ይመልስልኝ። የጎደለው ገንዘብ አይመስለኝም። «ክዳኑ የት አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነበር የጎደለው።

ማን ይጠይቅ? ሕጉን አገላብጬ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ሠራተኛውም የደኅንነት መሣሪያን እንዳያነሣ ወይም እንዳያበላሽ ተከልክሏል። የዓለም ሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ ማሽን መከለያ ብቻ ራሱን የቻለ ስምምነት (ቁጥር 119) አውጥቷል፤ አደገኛ ክፍሉ ያልተሸፈነ ማሽን እንዳይሸጥና እንዳይከራይ የሚል ነው። ጥሩ። ግን ጋሼ አሠሪም ሠራተኛም ራሳቸው ናቸው። የሥራ ተቆጣጣሪ ገነተ ማርያም ጓሮ ድረስ ይመጣል ብዬ አልጠብቅም።

የሚመጣው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ፤ እኛ ነን። በእጁ ማሽን የሠራ ሰው ሲሰማ መጀመሪያ የሚደርሰው ማይክሮፎን የያዘ ሰው ነው። «የፈጠራ ባለሙያው ወጣት» የሚለውን ዜና ስንቴ ሰምታችኋል? በየባዛሩና በየቴክኖሎጂ ሳምንቱ ሪባን ይቆረጣል፣ ማሽኑ ይነሣል፣ እንግዶች ያጨበጭባሉ። ጋዜጠኛው ይጠይቃል፤ በስንት ጊዜ ሠራኸው? ስንት ብር ፈጀ? ከውጭ የሚመጣው ስንት ነው? ለወደፊት ምን አሰብክ? እኔም ጋሼን የጠየቅኳቸው ቃል በቃል እነዚህን ነው። ማስታወሻዬ አሁንም አለ፤ አሥራ አንድ ጥያቄ፣ አንዱም ስለ እጃቸው አይደለም። ከዚያም በላይ ካሜራ የሚዞረውን ጎማ ይወዳል፤ የተሸፈነ ማሽን በፎቶ ላይ ሣጥን ነው። እኛ ያልተሸፈነውን ስናሳይ፣ ያን አይቶ በሌላ ወረዳ የሚሠራው ሰው ያልተሸፈነ ይሠራል። ቴክኖሎጂ ቀድተው ለማኅበራት እንዲያስተላልፉ የሚጠበቅባቸው የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችም ማሽን ሲያስመርጡ «መከለያ አለው ወይ?» የሚል መስመር በመመዘኛቸው ላይ ቢኖር፣ የሌለው ነጥብ ቢያጣ ምን ይከብዳል?

አንድ መምህራችን ይህን ስነግራቸው «ጋዜጠኛ የደኅንነት መሐንዲስ አይደለም» አሉኝ። አይደለም። ፖለቲከኛም አይደለም ግን ፖለቲከኛን ይጠይቃል። «የሚያመሰግነው ሰው ቅር ይለዋል» ያለኝም አለ። ጋሼን ጠየቅኳቸው፤ «ያን ጊዜ ይህ ክዳን ደካማ ነው ብልዎ ይቆጡኝ ነበር?» ጥቂት አሰቡና «እቆጣ ነበር። ማታ ግን ሳስበው አድር ነበር» አሉ።

ፊቸሩን እንደገና ልሠራው ፈቃድ ጠይቄአለሁ። ጋሼ እሺ ብለዋል፤ አንድ ነገር ግን ቅድሚያ አስታውቀውኛል። አዲሱ ክዳን አይጮኽም፣ ቢጮኽም አይነሣም። ድምፁ ካልጣመኝ መቅረጫዬን ይዤ ራቅ ብዬ እንድቆም ነው የነገሩኝ።